ቫይረስ ወለድ የጡንቻ መፈራረስ በጤናማ አዋቂዎች

ትኩሳትና የሰውነት ቁርጥማት ይዞት ወደ ጤና ተቋም የሚመጣ ሕመምተኛ ለማንኛውም የጤና ባለሙያ የዘወትር እንግዳ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሕመሙ ጉንፋን፣ ኢንፍሉዌንዛ ወይም ወባ ይሆንና ተገቢው መድኃኒት ተሰጥቶት ይሸኛል፤ በጥቂት ቀናትም ውስጥ ያገግማል። ከእነዚህ ብዙ ሰዎች መካከል ግን አልፎ አልፎ ቀደም ሲል ምንም ዓይነት ሕመም ያልነበረበት፣ የቁርጥማቱ ብርታት ከሌሎቹ የተለየ፣ ጭኑና ባቱ ሲነካ የሚያመው፣ ከተቀመጠበት ለመነሣት የሚሳነው፣ ሽንቱም እንደ ጥቁር ሻይ የጠቆረ ሰው ይገኛል። ይህን ሰው ከሌሎቹ ጋር አንድ አድርጎ ማስታገሻ መርፌ ወግቶ መሸኘት፣ ከሁለትና ከሦስት ቀናት በኋላ ኩላሊቱ ሥራውን አቁሞ እንዲመለስ ሊያደርገው ይችላል።

ሁኔታው ራብዶማዮላይሲስ በመባል ይታወቃል። ቃሉ ከግሪክኛ የተገኘ ሲሆን የባለ ሸንተረር ጡንቻ መሟሟት እንደ ማለት ነው። በእርግጥም የሚሆነው ይኸው ነው፤ ከአጥንት ጋር የተያያዙት ጡንቻዎች ሕዋሳት ሽፋናቸው ተቀዶ በውስጣቸው የነበረው ሁሉ ወደ ደም ይፈስሳል።

እ.ኤ.አ. በ1911 ማየር ቤትዝ የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም የጡንቻ ሕመም፣ የጡንቻ ድካምና የጠቆረ ሽንት በአንድነት የሚታዩበትን ሁኔታ ገልጾ ጽፏል። ችግሩ በሰፊው የታወቀው ግን ከ30 ዓመት በኋላ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት ነው። እ.ኤ.አ. በ1941 ባይዎተርስና ቢል የተባሉ ሐኪሞች በለንደን ከተማ በቦምብ ከፈረሱ ቤቶች ሥር ተጭኗቸው ቆይተው የወጡ 4 ሰዎች ኩላሊታቸው እንዴት ሥራውን እንዳቆመ አስረዱ። በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 11 የተጠቀሰውን፣ ድርጭት በበሉት እስራኤላውያን ላይ የወረደውን መቅሠፍት ከዚሁ ሕመም ጋር የሚያያይዙ የሕክምና ጸሐፊዎችም አሉ፤ ነገሩ ግን ከግምት አያልፍም። ከዚህ ታሪክ የተነሣ ዛሬም ድረስ ራብዶማዮላይሲስ ሲባል ብዙ ባለሙያዎች የሚያስቡት ፍርስራሽን፣ የመኪና አደጋንና ድብደባን ነው። አደጋ ያልደረሰበት፣ ትኩሳት ብቻ ያለው ወጣት ከዚህ ሐሳብ ውጭ ሆኖ የሚቀረውም በዚህ ምክንያት ነው።

የጡንቻ ሕዋስ እንዴት ይፈራርሳል?

በጤናማ የጡንቻ ሕዋስ ውስጥ ያለው ነጻ ካልሲየም ከሕዋሱ ውጭ ካለው 10,000 ጊዜ ያህል ያነሰ ነው። ሕዋሱ ይህን ልዩነት ጠብቆ ለማቆየት ኤ.ቲ.ፒ. የተባለውን ኃይል ሰጪ ንጥረ ነገር ያለማቋረጥ ይጠቀማል። ኤ.ቲ.ፒ. ሲያልቅ ወይም የሕዋሱ ሽፋን በቀጥታ ሲጎዳ ሶዲየምና ካልሲየም ወደ ውስጥ ይገባሉ። ካልሲየሙም ጡንቻው ሳያቋርጥ እንዲኮማተር በማድረግ የቀረውን ኃይል ያስጨርሳል፤ ፕሮቲንንና ቅባትን የሚሰባብሩ ኢንዛይሞችንም ይቀሰቅሳል። ከዚህ በኋላ ሕዋሱ ራሱን በራሱ ያፈርሳል ማለት ይቻላል።

ከፈረሰው ሕዋስ የሚወጣው ነገር እያንዳንዱ የየራሱ ጉዳት አለው። በሰውነት ውስጥ ከሚገኘው ፖታሲየም 70 በመቶ ገደማ የሚሆነው በጡንቻ ውስጥ የተከማቸ በመሆኑ፣ ጥቂት የጡንቻ ክፍል እንኳ ሲፈርስ የደም ፖታሲየም በሰዓታት ውስጥ ልብን ለማቆም ወደሚያበቃ መጠን ሊደርስ ይችላል። ፎስፌት ይጨምራል፤ ዩሪክ አሲድ ይጨምራል። ካልሲየም በአንጻሩ ወደ ተጎዳው ጡንቻ ገብቶ ስለሚቀር በደም ውስጥ ይቀንሳል። ውኃም እንደዚሁ ነው፤ በትኩሳትና በላብ አስቀድሞ የተጠማው ሰውነት ብዙ ሊትር ፈሳሽ ባበጡት ጡንቻዎች ውስጥ ያጣል።

ሽንትን የሚያጠቁረው ኦክስጅን ተሸካሚው የጡንቻ ፕሮቲን ማዮግሎቢን ነው። ማዮግሎቢን ኩላሊትን የሚጎዳው በሦስት መንገድ ነው። የኩላሊትን የደም ሥሮች ያጠብባል፤ በውስጡ የያዘው ብረት የኩላሊት ቱቦዎችን ሕዋሳት ያቃጥላል፤ ሽንቱ አሲድነት ሲኖረውና ሲወፍር ደግሞ ታም ሆርስፎል ከተባለው የኩላሊት ፕሮቲን ጋር ተጣብቆ ቱቦዎቹን ይደፍናል። ሦስቱም መንገዶች የሚበረቱት ሰውነት ፈሳሽ ሲያጥረው መሆኑ የሕክምናውን መሠረት ያመለክታል።

ቫይረሶቹ

በአዋቂዎች ላይ ከሚታየው ራብዶማዮላይሲስ አብዛኛው ከአደጋ፣ ከአልኮል፣ ከመድኃኒትና ከከባድ የጉልበት ሥራ የሚመጣ ነው። በሕፃናት ላይ ግን ቫይረስ ዋነኛው ምክንያት ነው። ከቫይረሶቹ መካከል በተደጋጋሚ የተዘገቡት ኢንፍሉዌንዛ ኤ እና ቢ ናቸው። ኤች.አይ.ቪ.፣ ኮክሳኪና ሌሎች የኢንትሮቫይረስ ወገኖች፣ ኤፕስታይን ባር፣ ሳይቶሜጋሎቫይረስ፣ ኸርፒስ ሲምፕሌክስ፣ አዴኖቫይረስና ዴንጊ በዚሁ ተርታ ይገኛሉ። ኮቪድ 19 ከተከሰተ ወዲህም ሳርስ ኮቪ 2 ተጨምሯል። እ.ኤ.አ. በ2020 መጀመሪያ ከውሃን ከተማ ከተዘገቡት ታማሚዎች አንዱ ሆስፒታል በገባ በ9ኛው ቀን፣ ማለትም በመጀመሪያው የሕመም ወቅት ሳይሆን ዘግይቶ፣ እግሮቹን አመመውና ደከመው፤ ሲመረመርም የክሪያቲን ካይኔዝ መጠኑ በሊትር ከ11,000 ዩኒት በላይ ሆኖ ተገኘ። ይህ ዘገባ ጠቃሚ የሚሆነው የጡንቻ መፈራረስ ሁልጊዜ ከትኩሳቱ ጋር አብሮ እንደማይጀምር ስለሚያሳይ ነው።

ቫይረሱ ጡንቻን እንዴት እንደሚጎዳ ሁለት ሐሳቦች ይቀርባሉ። አንደኛው ቫይረሱ ራሱ ወደ ጡንቻ ሕዋስ ገብቶ ያፈርሰዋል የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ ሰውነት ቫይረሱን ለመከላከል የሚያመነጫቸው ሳይቶካይኖች ጡንቻውን ይጎዱታል የሚል ነው። ከብዙ ታማሚዎች የተወሰደ የጡንቻ ናሙና ሲመረመር ቫይረሱ አለመገኘቱ ሁለተኛውን ሐሳብ ያጠናክረዋል። ትኩሳት፣ ብርቱ መንቀጥቀጥና የፈሳሽ እጥረት በበኩላቸው ጉዳቱን ያባብሱታል። ትኩሳት እያለበት የረጅም ርቀት ሩጫ ልምምዱን የሚቀጥል ስፖርተኛ፣ የዕለት ጉርሱን እንዳያጣ ሲል ታሞ ሸክሙን የማይተው የቀን ሠራተኛ ሁለት ምክንያቶች በአንድ ጊዜ የሚያገኙት ሰው ነው።

ለሕፃናትና ለአዋቂዎች የሚሰጠው ግምት የተለያየ መሆን አለበት። ለትምህርት የደረሰ ልጅ ከኢንፍሉዌንዛ፣ በተለይም ከኢንፍሉዌንዛ ቢ፣ ሲያገግም ባቱን አሞት በጣቶቹ ጫፍ ቢራመድ ወይም አልራመድም ቢል፣ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሳምንት ውስጥ ያለ ጉዳት የሚድን የጡንቻ ብግነት ነው። አዋቂው ግን ሕመሙ ከባት አልፎ ጭንን፣ ወገብንና ትከሻን ሊያካትት፣ ኩላሊቱም አብሮ ሊጎዳ ስለሚችል በተመሳሳይ ቸልታ ሊታይ አይገባም።

ምልክቶቹና የሚያሳስቱ ነገሮች

በመማሪያ መጻሕፍት የሚገኙት ሦስት ምልክቶች፣ ማለትም የጡንቻ ሕመም፣ የጡንቻ ድካምና የጠቆረ ሽንት፣ በአንድነት የሚታዩት ከ10 ታማሚዎች በአንዱ እንኳ ላይ አይደለም። ግማሽ ያህሉ ስለ ጡንቻቸው ምንም ላይናገሩ ይችላሉ። የሚናገሩትም ቢሆኑ «ብርድ መታኝ»፣ «ምች ነው»፣ «ሰውነቴ ተቀጠቀጠ» ነው የሚሉት፤ ይህ ደግሞ የማንኛውም ትኩሳት አነጋገር ነው። ስለ ሽንት ቀለም ራሱን ችሎ የሚያነሣ ታማሚ ጥቂት ነው። ስለዚህ «የሽንትዎ ቀለም ተለውጧል? ከትላንት ወዲህ ስንት ጊዜ ሸኑ?» ብሎ መጠየቅ የባለሙያው ድርሻ ነው። ጥያቄው ከግማሽ ደቂቃ በላይ አይወስድም።

ተራ የሆነው የኢንፍሉዌንዛ ቁርጥማት ትኩሳቱ ሲበርድ ይቀንሳል፤ ታማሚው እየማረረም ቢሆን ይራመዳል። ትኩሳቱ በርዶ ሕመሙ ከጨመረ፣ ጡንቻው ሲዳሰስ ካበጠ ወይም ከጠጠረ፣ ታማሚው ደረጃ ለመውጣት ወይም እጁን ወደ ራሱ ለማንሣት ካቃተው፣ ነገሩ ከቁርጥማት በላይ ነው።

የጠቆረ ሽንት ሲታይ በሀገራችን በመጀመሪያ ወደ ሐሳብ የሚመጣው ወባ ነው፤ ተገቢም ነው። ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ዓይነት ቀይ የደም ሕዋሳትን በማፍረስ ሽንትን ያጠቁራል፤ እርሱ ራሱ የጡንቻ መፈራረስንም ሊያስከትል ይችላል። ለቫይቫክስ ወባ ፕሪማኪን የወሰደና የጂ6ፒዲ ኢንዛይም እጥረት ያለበት ሰውም ሄሞግሎቢን ይሸናል። እነዚህን ከማዮግሎቢን ለመለየት ቀላል ዘዴ አለ። የታማሚው ደም በማሽን ተሽከርክሮ ሴረሙ ሲለይ፣ ቀይ የደም ሕዋስ የፈረሰበት ሰው ሴረም ሐምራዊ ወይም ቀይ ይሆናል፤ ማዮግሎቢን ግን ከደም ቶሎ ስለሚጸዳ ሴረሙ እንደወትሮው ጠራ ያለ ነው። ናሙናው በሚወሰድበት ጊዜ በጉልበት ከተሳበ ግን ሕዋሳቱ በመርፌው ውስጥ ፈርሰው ሊያሳስቱ ስለሚችሉ ጥንቃቄ ያስፈልጋል።

እ.ኤ.አ. በ2013 በድሬዳዋ የዴንጊ፣ በ2019 ደግሞ እዚያው የቺኩንጉንያ ወረርሽኝ ተከስቶ ስለነበር፣ በምሥራቁ ቆላማ አካባቢ ለሚሠሩ ባለሙያዎች ከወባ ውጭ ያሉ ትኩሳቶችም ሊታሰቧቸው ይገባል። ዴንጊ በስሙ የአጥንት ሰባሪ ትኩሳት እስከመባል የደረሰ ስለሆነ፣ የታማሚው ብርቱ ሕመም እንደተለመደ ተቆጥሮ የጡንቻው መፈራረስ በቀላሉ ይታለፋል።

ምርመራ

ምርመራውን የሚያረጋግጠው ክሪያቲን ካይኔዝ፣ በላቦራቶሪ ወረቀት ላይ ሲ.ኬ. ወይም ሲ.ፒ.ኬ. ተብሎ የሚጻፈው ኢንዛይም ነው። ጤናማው መጠን ብዙውን ጊዜ በሊትር ከ200 ዩኒት አይበልጥም። ከዚህ 5 እጥፍ፣ ማለትም 1,000 ዩኒት ሲያልፍ ራብዶማዮላይሲስ ይባላል፤ ከ5,000 በላይ ሲሆን ለኩላሊት ያለው ስጋት በግልጽ ይጨምራል። ኢንዛይሙ ጉዳቱ ከደረሰ ከ2 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ መውጣት ይጀምርና ከ1 እስከ 3 ቀን ባለው ጊዜ ከፍተኛ መጠኑ ላይ ይደርሳል። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን የተገኘ መጠነኛ ቁጥር አያዘናጋም፤ በማግሥቱ መደገም አለበት። በአንጻሩ ማዮግሎቢን በሰዓታት ውስጥ ከደም ስለሚጠፋ ሽንቱ ጠርቶ ቢገኝ ሕመሙ የለም ማለት አይደለም።

ይህ ምርመራ በብዙ ጤና ጣቢያዎችና በአንዳንድ ሆስፒታሎች አይገኝም። ባለሙያው ግን ባዶ እጁን አይደለም። የሽንት መመርመሪያው ዲፕስቲክ ሄሞግሎቢንንና ማዮግሎቢንን አይለይም፤ ሁለቱንም «ደም» ብሎ ያነባል። ዲፕስቲኩ ብዙ ደም አለ እያለ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ቀይ የደም ሕዋስ ከሌለ ወይም እጅግ ጥቂት ከሆነ፣ በሽንቱ ውስጥ ያለው ከሁለቱ አንዱ ነው ማለት ነው። ይህ እርስ በርሱ የማይስማማ ውጤት ብዙ ጊዜ «የላቦራቶሪ ስሕተት» ተብሎ ይታለፋል፤ ወይም የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ተብሎ አንቲባዮቲክ ይታዘዝለታል። ዲፕስቲክ ከ5 ታማሚዎች አንዱን ያህል ሊስት እንደሚችልም መዘንጋት የለበትም።

ሁለተኛው ፍንጭ የጉበት ምርመራ ተብሎ በሚታወቀው ውስጥ ይገኛል። ኤ.ኤስ.ቲ. ወይም ኤስ.ጂ.ኦ.ቲ. የተባለው ኢንዛይም በጉበት ብቻ ሳይሆን በጡንቻም ውስጥ በብዛት አለ። ቢሊሩቢን ሳይጨምር ኤ.ኤስ.ቲ. ከኤ.ኤል.ቲ. በብዙ እጥፍ ከበለጠ፣ ምንጩ ጡንቻ ሊሆን ይችላል። ትኩሳት፣ ድካም፣ የጠቆረ ሽንትና ከፍ ያለ ኤ.ኤስ.ቲ. የታየበትን ሰው የጉበት ሕመምተኛ አድርጎ ማሰብ ቀላል ነውና።

ማንኛውም የተጠረጠረ ታማሚ ፖታሲየሙና ክሪያቲኒኑ ይለካ፤ የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ ይደረግለት። የፖታሲየም ውጤት እስኪመጣ ሰዓታት በሚወስድበት ቦታ የሾለና ረጅም ቲ ሞገድ ከላቦራቶሪው ቀድሞ ሊናገር ይችላል። የኤች.አይ.ቪ. ምርመራም ሊቀር አይገባም፤ ቫይረሱ ገና በገባበት ወቅት በዚህ መልክ ሊገለጥ ስለሚችል ውጤቱ ነጻ ቢሆንም የመስኮት ጊዜው ካለፈ በኋላ ይደገማል። የሚወሰዱ መድኃኒቶችም ይጠየቁ፤ ለኮሌስትሮል የሚሰጡት ስታቲኖች በዚህ ወቅት መቋረጥ አለባቸው።

ሕክምና

ሕክምናው ፈሳሽ ነው፤ ዋጋ ያለውም ቶሎ ሲጀመር ነው። ኖርማል ሳላይን በደም ሥር በሰዓት 400 ሚሊ ሊትር ገደማ ይጀመራል፤ እንደ ሕመሙ ክብደትና እንደ ታማሚው ሁኔታ ከ200 እስከ 1,000 ሚሊ ሊትር ሊሆን ይችላል። ግቡ በሰዓት 200 ሚሊ ሊትር ያህል ሽንት ማግኘት ነው። ስለዚህ ሽንት በየሰዓቱ መለካት አለበት፤ «ሸንቷል» ብሎ መመዝገብ አይበቃም። ፈሳሹ ሽንቱ እስኪጠራ ወይም ዲፕስቲኩ ከደም ነጻ እስኪሆን ይቀጥላል። ፖታሲየም በፈሳሹ ውስጥ አይጨመርም።

ከቫይረስ የመጣውን ከፍርስራሽ ከመጣው የሚለየው አስቸጋሪ ነጥብ እዚህ ላይ ነው። ኢንፍሉዌንዛ ወይም ኮቪድ 19 የያዘው ሰው ሳንባው አብሮ ሊታመም፣ የልብ ጡንቻውም ሊቆጣ ይችላል። ኩላሊትን ለማዳን የሚሰጠው ብዙ ፈሳሽ ሳንባን ሊያጥለቀልቅ ስለሚችል፣ የኦክስጅን መጠን፣ የአተነፋፈስ ፍጥነትና የሳንባ ድምፅ ከፈሳሹ ጋር እኩል መከታተል ያስፈልጋል። በቂ ፈሳሽ ተሰጥቶት ሽንት ለማይሸና ታማሚ ፈሳሹን በዚያው ፍጥነት መቀጠል ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም። ባይካርቦኔትና ማኒቶል ለብዙ ዓመታት ሲሰጡ ቢቆዩም ከሳላይን የበለጠ ጥቅም እንዳላቸው አልተረጋገጠም፤ እነርሱን ፍለጋ ሕክምናው ሊዘገይ አይገባም።

ፖታሲየም ጨምሮ የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራው ከተለወጠ 10 ሚሊ ሊትር ባለ 10 በመቶ ካልሲየም ግሉኮኔት በደም ሥር በዝግታ ይሰጣል፤ በመቀጠልም 10 ዩኒት ሬጉላር ኢንሱሊን ከ25 ግራም ግሉኮስ ጋር ይሰጥና የደም ስኳር ይከታተሉለታል። ከዚህ ሁኔታና የጡንቻ መንቀጥቀጥ ካለበት በስተቀር ዝቅ ያለ ካልሲየምን ለማስተካከል መሞከር አይመከርም፤ በጡንቻ ውስጥ የገባው ካልሲየም በማገገሚያው ወቅት ወደ ደም ተመልሶ ከመጠን በላይ ሊሆን ይችላልና።

ስለ ዳይክሎፌናክ ለብቻው መነገር አለበት። ሰውነቱን የቆረጠመው ታማሚ በብዙ ተቋማት መጀመሪያ የሚያገኘው ይህን መርፌ ነው፤ ታማሚውም መርፌ ካልተወጋ የታከመ አይመስለውም። ዳይክሎፌናክና ኢቡፕሮፌን ወደ ኩላሊት የሚሄደውን ደም ስለሚቀንሱ፣ ፈሳሽ ላጠረውና ማዮግሎቢን እያጣራ ላለ ኩላሊት ከሚደርስበት ሁሉ የከፋ ጉዳት ናቸው። ዴንጊ ለሆነበት ሰው ደግሞ የመድማት አደጋ ይጨምራሉ። በጡንቻ የሚሰጥ መርፌ ራሱ ሲ.ኬ.ን በመጠኑ ከፍ በማድረግ ውጤቱን ያዛባል። ፓራሲታሞል ይበቃል፤ ካልበቃም ትራማዶል በጥንቃቄ ይሰጣል። ጄንታሚሲን ከተቻለ ይወገድ። ያበጠውን ጡንቻ በቅባት አጥብቆ ማሸት በቤትም ሆነ በወጌሻ ዘንድ የተለመደ ነው፤ ለዚህ ሕመም ግን ጡንቻውን ተጨማሪ ጉዳት ላይ ይጥለዋል፤ ለቤተሰቡ በግልጽ መነገር አለበት።

ኢንፍሉዌንዛ መሆኑ ከተጠረጠረና ኦሴልታሚቪር ከተገኘ ምልክቱ በጀመረ በ48 ሰዓት ውስጥ ቢሰጥ ይመረጣል፤ በጠና ለታመመ ሰው ከዚያ ቢዘገይም ይሰጣል።

ሲ.ኬ. ከከፍተኛ መጠኑ በኋላ በየቀኑ በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። ካልቀነሰ ጉዳቱ ቀጥሏል ማለት ነው፤ ያን ጊዜ የመጀመሪያው ጥርጣሬ ያበጠው ጡንቻ በራሱ ሽፋን ውስጥ ታንቆ የሚሞትበት ኮምፓርትመንት ሲንድረም ነው። ምልክቱ ከሚታየው ሁሉ የበለጠ ሕመም፣ በተለይም የእግር ጣቶቹ ቀስ ብለው ሲታጠፉ ወይም ሲዘረጉ የሚብስ ሕመምና እንደ እንጨት የጠጠረ ጡንቻ ነው። የደም ሥር ምት መኖሩ አያጽናናም፤ ምቱ የሚጠፋው ሁሉ ካበቃ በኋላ ነውና። የቀዶ ሕክምና ባለሙያ በሰዓታት ውስጥ ሊያየው ይገባል።

ከጤና ጣቢያ ወደ ሆስፒታል የሚላክ ታማሚ ሳላይኑ ተጀምሮለት ይሂድ። መንገዱ ሩቅ ሲሆን ኩላሊቱ የሚድነውም የሚሞተውም በአምቡላንስ ውስጥ ነው። በሪፈር ወረቀቱ ላይ የተሰጠው ፈሳሽ መጠን፣ የወጣው ሽንት መጠንና ቀለም፣ የተሰጠው ማስታገሻ ስም ይጻፍ። ለሕክምና የማይበገር ፖታሲየም፣ ብርቱ የደም አሲድነት፣ በሳንባ የተጠራቀመ ፈሳሽ ወይም ጨርሶ የጠፋ ሽንት ያለበት ሰው የኩላሊት እጥበት ያስፈልገዋል። እጥበቱ ብዙውን ጊዜ ለሳምንታት እንጂ ለዕድሜ ልክ አለመሆኑ ለቤተሰቡ መነገር አለበት፤ ወጪውን ፈርተው ታማሚውን ይዘው ለመመለስ የሚያስቡ ቤተሰቦች ይህን ሲያውቁ ሐሳባቸውን ሊለውጡ ይችላሉ።

ካገገሙ በኋላ

ጤናማ የነበረ አዋቂ በወቅቱ ከታከመ ጡንቻውም ኩላሊቱም አብዛኛውን ጊዜ ወደ ነበሩበት ይመለሳሉ። ከባድ ሥራና ስፖርት ሲ.ኬ. ወደ ጤናማ መጠኑ እስኪመለስ ይቆያል፤ ከዚያም ቀስ በቀስ ይጀመራል። ክሪያቲኒን ከሆስፒታል ከወጣ በኋላም እንደገና ይለካል።

ለሁለተኛ ጊዜ በተመሳሳይ ሁኔታ የመጣ ሰው ግን ከቫይረሱ በስተጀርባ ሌላ ምክንያት አለው ተብሎ መጠርጠር አለበት። ቅባትን ወደ ኃይል ለመለወጥ የሚያስፈልገው ሲ.ፒ.ቲ. 2 የተባለ ኢንዛይም በውርስ ያነሰባቸው ሰዎች ለዓመታት ጤናማ ሆነው ይኖሩና በትኩሳት፣ በረጅም ጉዞ ወይም በሩጫ፣ በብርድ ወይም ምግብ ሳይበሉ በመዋላቸው ጡንቻቸው ይፈርሳል። በመሃል ሲመረመሩ ሲ.ኬ. ጤናማ ስለሚሆን ምንም አይገኝባቸውም። የዘር ምርመራው በማይገኝበት ቦታም ታሪኩን መጠየቅ ይቻላል፤ በልጅነት ከብርቱ ሩጫ በኋላ ወይም ሳይበሉ በቆዩበት ቀን ሽንት ጠቁሮ ያውቅ እንደሆነ፣ ከወንድም ከእኅት ተመሳሳይ የደረሰበት እንዳለ። መልሱ አዎን ከሆነ፣ ታማሚው በታመመ ቀን እንዳይጾም፣ ጣፋጭና እህል ነክ ምግብ እንዲወስድ፣ ትኩሳት ሲጀምረው ሥራ እንዲያቆምና ሽንቱ በጠቆረ ሰዓት ሳያድር ወደ ሆስፒታል እንዲመጣ ይነገረዋል፤ ይህም የሕመሙ ስም ሳይቀር በእጁ በሚይዘው ወረቀት ላይ ይጻፍለታል።